የስልክ ቁጥር ስለ ቦታ ምን ይነግረናል?

(ማጀቴ ላይ ለአዲስ አንባብያን የተደረገ ንግግር)



ፊደሉን ጨርሳችኋል። ስማችሁን ጽፋችሁ ትፈርማላችሁ። የማዳበሪያ ደረሰኝ ሲሰጣችሁ ስንት ኪሎ፣ ስንት ብር እንደሚል ራሳችሁ ታነባላችሁ። ዛሬ ደግሞ አብረን የምናነበው ሌላ ነገር ነው። እሱም የስልክ ቁጥር ነው።

«ቁጥር ምን ይነበባል? ይደወላል እንጂ!» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ ቁጥር የተሠራው ሊደወልበት ነው። ነገር ግን አኃዞቹ እንደ ወንዝ ጠጠር በየሜዳው የተበተኑ አይደሉም። እያንዳንዱ አኃዝ በቦታው የተቀመጠው በምክንያት ነው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ገና ሳይደውል «ይህ የእንትን አገር ስልክ ነው» ለማለት ይችላል። ከዚህም የሚበልጥ ጥቅም አለው። ቁጥሩ ያልተናገረውን ተናግሯል ብሎ አይታለልም።

እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ሁለት ፊት አለው። አንደኛው፣ ቁጥር ስለ ቦታ የሚናገረው ነው። ሁለተኛው፣ የማይናገረው ነው። ሁለቱንም ካላወቅን ትምህርቱ ግማሽ ይሆናል።

አያት፣ አባት፣ ልጅ

እኛ ሰው ስንጠራ ከልጅ እንጀምራለን። መጀመሪያ የራሱን ስም፣ ቀጥሎ የአባቱን፣ ከዚያ የአያቱን እንላለን። የስልክ ቁጥር ግን የሚጠራው ተገልብጦ ነው። ከአያት ይጀምርና ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል።

የማጀቴን የቤት ስልክ እንውሰድ። የቤት ስልክ ስንል በሽቦ የሚመጣውን፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ማለታችን ነው። በ1998 ዓ.ም. በወጣው የቁጥር አደላደል የማጀቴ የቤት ስልክ በ033 660 እንዲጀምር ተመደበ። ከዚያ በኋላ አራት አኃዞች ይከተላሉ።

033 አያት ነው፤ ሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ማለት ነው።
660 አባት ነው፤ ማጀቴ ማለት ነው።
የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ልጅ ናቸው፤ አንዱን ቤት ወይም አንዱን መሥሪያ ቤት ከሌላው ይለያሉ።

ጎረቤቶቻችንስ? ኤፌሶን፣ አጣዬ የምንላት፣ 033 661 ናት። ሸዋ ሮቢት 033 664 ናት። ከሚሴ 033 554፣ ኮምቦልቻ 033 551 ናቸው። ሁሉም አያታቸው አንድ ነው። የሚለያዩት በአባታቸው ነው። ማጀቴና አጣዬን ተመልከቱ፤ 660 እና 661። የአንድ አኃዝ ልዩነት ብቻ ነው ያላቸው።

ይህ አሠራር ለምን አስፈለገ? ድሮ ስልክ የሚያገናኘው ሰው ነበር። በማዞሪያ ቤት የተቀመጠችውን ሠራተኛ «ደሴ ስጪኝ፣ የእንትናን ሱቅ አገናኚኝ» ማለት ይበቃል። እሷም ሽቦውን በእጇ ሰክታ ታገናኛለች። ሰው ስም ያውቃል፤ ሰፈር ያውቃል። ሥራውን መሣሪያ ሲረከበው ግን ነገሩ ተለወጠ። መሣሪያ «የእንትና ሱቅ» ቢሉት አይገባውም። የሚገባው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ቦታው ሁሉ ወደ ቁጥር መገልበጥ ነበረበት።

መሣሪያው ቁጥሩን የሚያነበው እኛ መልእክት በሰው እጅ እንደምንልከው ነው። ለኮምቦልቻ ዘመዳችን ደብዳቤ ለሹፌር ብንሰጠው፣ ሹፌሩ ማወቅ ያለበት ኮምቦልቻ የሚለውን ብቻ ነው። ቤቱን ማወቅ የለበትም። ኮምቦልቻ ላይ የሚቀበለው ሰው ሰፈሩን ይጠይቃል። ሰፈሩ ውስጥ ያለው ልጅ ደግሞ ቤቱን ያሳያል። ስልክም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ያለው 0 «ከአካባቢዬ ልወጣ ነው» የሚል ምልክት ነው፤ እንደ አጥር በር ቁጠሩት። 33 ሲባል ጥሪው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይላካል። 660 ሲባል ማጀቴ ይደርሳል። ማጀቴ ላይ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ይታዩና የአንዱ ቤት ስልክ ይጮኻል። አንዱ የጨረሰውን ሌላው ይቀበላል። ሁሉን የሚያውቅ ማንም የለም፤ ሁሉም ድርሻውን ያውቃል።

ሸዋ ሆነን ለምን በ033 ተቆጠርን?

ይህን ስናስረዳ አንድ አባት እጃቸውን አነሡና እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «ልጆቼ፣ እኛ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ነን። የዞናችን ጉዳይ የሚያልቀው ደብረ ብርሃን ነው። ታዲያ ስልኩ ለምን ከደሴ ጋር ቆጠረን?»

ጥያቄው የሊቅ ጥያቄ ነው። መልሱም የዛሬው ትምህርት ዋና ፍሬ ነው።

ደብረ ብርሃን በስልክ 011 681 ናት። ደብረ ሲና 011 680 ናት። ከበላያችን በደጋው ያለችው መሐል ሜዳ 011 685 ናት። አያታቸው 011 ነው። ይህ 011 የአዲስ አበባ መለያ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።

አሁን በሐሳባችን መኪና እንሳፈር። ከአዲስ አበባ ተነሥተን ደብረ ብርሃንን አለፍን። ጣርማበር ላይ ደርሰን በዋሻው ውስጥ ሾለክን። ደብረ ሲና ገባን። እስከዚህ ድረስ 011 ነው። ከደብረ ሲና ቁልቁለቱን ተያያዝነው። ብርዱ ቀረ፤ ጋቢው ከትከሻ ወረደ፤ የማሽላና የማሾ አገር መጣ። ሸዋ ሮቢት ስንገባ ስልኩ 033 ሆነ። ከዚያ እስከ አጣዬ፣ እስከ ከሚሴ፣ እስከ ኮምቦልቻ፣ እስከ ደሴ ድረስ 033 ነው። እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ ደጋው በአንድ አያት፣ ቆላው በሌላ አያት ይጠራል። ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ሁለቱም የሰሜን ሸዋ ከተሞች ናቸው። በአስተዳደር አንድ ናቸው፤ በስልክ ግን ይለያያሉ።

ሌላም ማስረጃ አለ። አሳይታ የአፋር ክልል ከተማ ናት፤ ስልኳ ግን 033 555 ነው። ከሚሴ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከተማ ናት፤ እሷም 033 ናት። በሌላው በኩል አምቦና ፍቼ የኦሮሚያ ከተሞች ናቸው፤ ሆኖም ከአዲስ አበባ ጋር በ011 ይቆጠራሉ። ስለዚህ «011 ያለው ሁሉ የአዲስ አበባ ስልክ ነው» ማለት ስሕተት ነው።

ምን ማለት ነው ይህ? የስልክ ቁጥር የሚያሳየው የአስተዳደር ወሰንን አይደለም። የሚያሳየው የአንድ ከተማ ማዞሪያ በየትኛው አካባቢ ሥር እንደተመደበ ነው። ግብር የምንከፍልበት ቦታ ሌላ፣ ገበያ የምንወጣበት ቦታ ሌላ ሊሆን ይችላል አይደል? ገበያተኛ የሚሄደው መንገዱ ወደሚወስደው፣ እህሉ ወደሚሸጥበት ነው። የወረዳውን ወሰን አይጠይቅም። ስልክም የራሱ መንገድ አለው። ቁጥሩ የሚነግረን ያንን መንገድ ነው።

ስለዚህ የጠየቁን አባት ሸዋነታቸውን ማንም አልወሰደባቸውም። ቁጥር የትውልድ ማስረጃ አይደለም።

ዘጠኙ የአገራችን መለያዎች

አሁን ዓይናችንን ከይፋት አንሥተን መላዋን ኢትዮጵያ እንይ።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የስልክ ሽቦ ተዘረጋ። በዚያን ጊዜ ረጅም ቁጥር አያስፈልግም ነበር፤ ስልክ ያለው ሰው ጥቂት ነበርና። ስልኩ እየበዛ ሲሄድ ግን ቁጥሩም እየረዘመ ሄደ። ይህ የሆነበት ምክንያት ቀላል ሒሳብ ነው። በ2 አኃዝ ከ00 እስከ 99 ቢቆጠር 100 ቁጥር ብቻ ይገኛል። በ3 አኃዝ 1,000 ይገኛል። በ6 አኃዝ 1 ሚሊዮን ይገኛል። አንድ አኃዝ በተጨመረ ቁጥር የሚገኘው አሥር እጥፍ ይሆናል።

እስከ 1997 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ የአዲስ አበባ መለያ 01 ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስድስት አኃዝ ይከተል ነበር። የደሴ አካባቢ መለያ 03 ነበር። በመስከረም ወር 1998 ዓ.ም. ይህ ተለወጠ። 01 የነበረው 011 ሆነ፤ 03 የነበረው 033 ሆነ። ስድስት አኃዝ የነበረው የቤት ቁጥር ሰባት አኃዝ ሆነ። ስለዚህ በድሮ ወረቀት ላይ 03 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ብታገኙ ዛሬ አይሠራም፤ የቆየ ነው።

ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ የአገራችን የቤት ስልክ መለያዎች ዘጠኝ ናቸው፦

011 — አዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው አገር፣ እስከ ደብረ ብርሃንና ደብረ ሲና፤
022 — ደቡብ ምሥራቅ፣ እነ አዳማና አሰላ፤
025 — ምሥራቅ፣ እነ ድሬዳዋ፣ ሐረርና ጅጅጋ፤
033 — ሰሜን ምሥራቅ፣ እነ ደሴና እኛ፤
034 — ሰሜን፣ እነ መቀሌና አክሱም፤
046 — ደቡብ፣ እነ ሐዋሳና አርባ ምንጭ፤
047 — ደቡብ ምዕራብ፣ እነ ጅማ፤
057 — ምዕራብ፣ እነ ነቀምቴ፤
058 — ሰሜን ምዕራብ፣ እነ ባሕር ዳርና ጎንደር።

ይህን ዝርዝር ዝም ብላችሁ አትሸምድዱት። አስተውሉት። ከ0 ቀጥሎ ያለውን አኃዝ ተመልከቱ። 022 እና 025 በ2 ይጀምራሉ፤ ሁለቱም ወደ ምሥራቅ ያሉ ናቸው። 033 እና 034 በ3 ይጀምራሉ፤ ሁለቱም ወደ ሰሜን ናቸው። 046 እና 047 በ4 ይጀምራሉ፤ ወደ ደቡብ ናቸው። 057 እና 058 በ5 ይጀምራሉ፤ ወደ ምዕራብ ናቸው። አዲስ አበባ በመካከል ናት፤ እሷ 1 ናት። እንግዲህ የአገሪቱ አራት ማዕዘን በአንድ አኃዝ ተጽፏል ማለት ነው። የመጨረሻው አኃዝ ደግሞ የድሮውን መለያ ያስታውሳል። 03 የነበረው በ3 ያበቃል፤ 08 የነበረው በ8 ያበቃል። የ07 አገር ለሁለት ስለ ተከፈለ 047 እና 057 ሁለቱም በ7 ያበቃሉ።

ካርታ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ይህችን ዝርዝር የያዘ ሰው ትንሽ ካርታ በእጁ ይዟል።

ከባሕር ማዶ የሚመጣ ጥሪ

ከዚህ አካባቢ ብዙ ልጆች ወደ ዐረብ አገር ሄደዋል። እናት ስልኳን ይዛ ታድራለች። ስለዚህ የውጭውን ቁጥር ማንበብ ቀልድ አይደለም፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ዓለምም እንደ ኢትዮጵያ በቁጥር ተከፋፍላለች። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መንግሥታት በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ማኅበር በኩል ተስማምተው ቁጥሩን ተካፈሉ። በ1 የሚጀምር ሰሜን አሜሪካ ነው። በ2 የሚጀምር በአብዛኛው አፍሪካ ነው። 3 እና 4 አውሮፓ ናቸው። 5 ደቡብና መካከለኛው አሜሪካ ነው። 6 ደቡብ ምሥራቅ እስያና አውስትራሊያ፣ 7 ሩሲያና ካዛክስታን፣ 8 ምሥራቅ እስያ ነው። 9 ከቱርክ እስከ ሕንድ ያለውን አገር ይይዛል፤ ዐረቦቹም በዚህ ውስጥ ናቸው።

የእኛ አገር 251 ናት። የመጀመሪያው 2 አፍሪካዊት መሆኗን ይናገራል። ጎረቤቶቻችንም አጠገባችን ተቀምጠዋል። ሶማሊያ 252፣ ጂቡቲ 253፣ ኬንያ 254 ናቸው። ሱዳን 249 ናት። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. የራሷን መንግሥት ካቆመች በኋላ 291 የሚል የራሷን ቁጥር አገኘች። ደቡብ ሱዳንም እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻ ስትወጣ 211 ተሰጣት። አዩ፤ አገር ሲለወጥ ቁጥርም ይለወጣል።

ልጃችሁ ሳዑዲ ዐረቢያ ከሆነች ጥሪዋ በ966 ይጀምራል። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፣ ዱባይ የምንለው አገር፣ 971 ነው። ኩዌት 965፣ ሊባኖስ 961 ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ሲደውል በ1 ይጀምራል። ከ1 ቀጥሎ ያሉት ሦስት አኃዞች ደግሞ እንደ እኛ 033 ናቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ 202 ነው፤ በአጠገቧ ባሉት በሜሪላንድ 301፣ በቨርጂኒያ 703 የሚል ይገኛል። አሜሪካኖች ይህን ያደላደሉት እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። በዚያ ዘመን ስልክ በጣት የሚዞር ክብ ነበረው። 1 ሲዞር ቶሎ ይመለሳል፤ 9 ሲዞር ረጅም መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ሰው ለሚደውልላቸው ትላልቅ ከተሞች ቶሎ የሚዞሩትን ትናንሽ አኃዞች ሰጧቸው። ኒው ዮርክ 212 የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። ልጃችሁ ከውጭ ወደ እናንተ ስትደውል የአገራችንን 0 አትጠቀምም። 0 የአጥር በር ነው ብለናል፤ በሩ ያለው በእኛ ግቢ ውስጥ ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሰው በሌላ በር ነው የሚገባው። ስለዚህ 033 660 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ከውጭ ሲደወል +251 33 660 ይሆናል። በ09 የሚጀምር የኪስ ስልክም +251 9 ይሆናል። የመደመር ምልክቷ «ከአገር መውጫ» ማለት ናት። ለተጓዥ ልጅ ቁጥር ጽፋችሁ ስትሰጡ በሁለቱም መንገድ ጻፉላት፤ አገር ውስጥ የሚደወልበትንም፣ ከውጭ የሚደወልበትንም። ወረቀቱን ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ብቻ አትተዉት። ስልክ ይጠፋል፤ ይወሰዳል። በቃል የተያዘ ቁጥር ግን አይወሰድም። ልጅቱ የእናቷን ቁጥር እንደ ጸሎት በቃሏ ታጥናው።

ቁጥሩ እግር ሲያወጣ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሽቦ ስልክ ነው። ዛሬ ግን አብዛኞቻችን የያዝነው የኪስ ስልክ፣ ሞባይል ነው። እዚህ ላይ ትምህርቱ ይገለበጣል።

ሞባይል በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሞባይል ቁጥርም ስለ ቦታ ትንሽ ይናገር ነበር። 0911 ሲባል አዲስ አበባ የወጣ ስልክ ነው ይባል ነበር። 0915 ወደ ምሥራቅ፣ 0916 ወደ ደቡብ፣ 0918 ወደ ሰሜን ምዕራብ ነበር። የመጨረሻዋን አኃዝ ከቀድሞው መለያ ጋር አስተያዩአት። 05 ምሥራቅ፣ 06 ደቡብ፣ 08 ሰሜን ምዕራብ ነበር። የሽቦው አገር ለሞባይሉም ስሙን አውርሶት ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ሽቦ ግድግዳ ላይ ተቸንክሮ ይኖራል፤ የኪስ ስልክ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። ድሬዳዋ ላይ የወጣ ሲም ካርድ ማጀቴ ላይ ይጮኻል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እኛን ዘማቾቹን ተመልከቱን። ከየአቅጣጫው የተሰበሰብን ነን። አንዳችን 0918፣ አንዳችን 0916፣ አንዳችን 0915 ይዘናል። ሁላችንም ግን አሁን ያለነው ማጀቴ ነው፤ የምንበላው አንድ እንጀራ ነው። ቁጥራችንን ያየ ሰው ሦስት አገር ያለን ይመስለዋል። በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ የስልክ ድርጅት፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ፣ ሥራ ሲጀምር ደግሞ በ07 የሚጀምር ቁጥር መጣ። 09 ወይም 07 ማለት እንግዲህ ቦታ ማለት አይደለም። «የሚንቀሳቀስ ስልክ ነው» ማለት ብቻ ነው።

«ታዲያ ቁጥሩ ቦታ ካልተናገረ ጥሪው እንዴት ያገኘናል?» ትላላችሁ። ስልኩ በርቶ እስካለ ድረስ በአቅራቢያው ካለው የስልክ ማማ ጋር ድምፅ ሳያሰማ ይነጋገራል። «እዚህ ነኝ» ይለዋል። የስልክ ድርጅቱ መሣሪያ ይህንን ይመዘግባል። ሰው ሲደውልላችሁ መሣሪያው መዝገቡን አይቶ ወደ ማማው ይልከዋል። ቦታው ከቁጥሩ ላይ ወጥቶ ወደ መዝገብ ገባ ማለት ነው። እኛ ከቁጥሩ ላይ አናነበውም።

ቁጥር የማይናገረው

አሁን ወደ ሁለተኛው ፊት ደረስን። ሦስት ነገሮችን አጥብቃችሁ ያዙ።

አንደኛ፤ ቁጥር ማንነትን አይመሰክርም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ ቁጥር ይላካል። ሌባውም ይህን ያውቃል። ደውሎ «ከአዲስ አበባ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ ዕጣ ደርሶዎታል፤ የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩን» ይላል። እናንተ ቁጥሩን ታያላችሁ፤ 09 ይላል። 09 አዲስ አበባ ነው? አይደለም። መሥሪያ ቤት ነው? አይደለም። ቁጥሩ 011 ቢል እንኳ ደዋዩ ነኝ ያለውን ሰው መሆኑን አያረጋግጥም። የሌላ ሰው ቁጥር አስመስለው የሚደውሉም አሉ። የምስጢር ቁጥር ለማንም አይነገርም። ጥርጣሬ ካለ ስልኩን ዝጉና በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። ደግሞም ከማታውቁት የውጭ አገር ቁጥር አንድ ጊዜ ጮኾ ቢቋረጥ፣ «ልጄ ትሆን?» ብላችሁ ወዲያው አትደውሉ። ባሕር ማዶ መደወል ብዙ ብር ይበላል። መጀመሪያ የአገሩን መለያ አንብቡ። ልጃችሁ ያለችው 966 አገር ከሆነ፣ በሌላ ቁጥር የመጣው የሌላ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ፤ አንዲት አኃዝ ብትሳሳት ቦታው ሁሉ ይሳሳታል። 660ን 661 ብሎ የጻፈ ሰው ማጀቴ ሳይሆን አጣዬ ይደውላል። በገንዘብ ከሆነ ደግሞ ማሾ የሸጣችሁበት ብር ሌላ ሰው ኪስ ይገባል። ስለዚህ ቁጥር ስትቀበሉ ጻፉ፤ ከዚያ ለሰጣችሁ ሰው መልሳችሁ አንብቡለት። «አዎ» ሲል ብቻ ወረቀቱን እጠፉ።

ሦስተኛ፤ በቁጥር ሰውን አትፍረዱበት። «ይህ ቁጥር የእንትን አገር ነው፤ ስለዚህ ሰውየው እንደዚያ ነው» የሚል ወሬ ሲነገር እንሰማለን። አሁን እንዳየነው ቁጥር የሚናገረው ስለ ሽቦና ስለ ማዞሪያ ነው። ሲሙ የት እንደወጣ ቢናገር እንኳ ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ ልቡ ምን እንደሆነ አይናገርም። በከፋ ጊዜ እንዲህ ያለ ወሬ ሰው ያስጎዳል። ያነበበ ሰው ይህን ወሬ ማብረድ አለበት።

አንድ ነገር እንጨምር። ቦታ የሌላቸው ቁጥሮችም አሉ፤ ለሁሉ ተብለው የተሠሩ አጫጭር ቁጥሮች። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እንዲህ ያለ ነው። በ2006 ዓ.ም. ለገበሬዎች የእርሻ ምክር ተብሎ የተከፈተው 8028ም እንዲሁ ነበር። መለያቸው 011 ወይም 033 ብሎ አይጀምርም። ከተማም ገጠርም፣ ደጋም ቆላም በእኩል እንዲጠሯቸው ተብለው የተሠሩ ናቸው። ሁሉም ቁጥር አገር እንዲኖረው አይገደድም ማለት ነው።

በሉ፣ ደብተራችሁን አውጡ

አሁን ንግግሩ ይብቃና ሥራ እንሥራ።

በደብተራችሁ አንድ ገጽ ላይ አምስት ቁጥሮችን ጻፉ። የቤተሰብ፣ የጎረቤት፣ የጤና ጣቢያ፣ እህል የምትሸጡለት ነጋዴ፣ እንዲሁም ሩቅ ያለ ዘመድ። ከእያንዳንዱ ጎን የሰውየውን ስም ጻፉ። ቀጥሎ ቁጥሩን ቆራርጣችሁ አንብቡት። በሽቦ ስልክ ከሆነ አያቱን፣ አባቱንና ልጁን ለዩ። በ09 ወይም በ07 ከጀመረ «ቦታ አይናገርም» ብላችሁ ጻፉ። በ+ ከጀመረ አገሩን ጻፉ።

ከዚያ ገጹን ማንበብ ለማይችል ሰው በቤታችሁ ካለ አንብቡለት። ምናልባት አያት ይሆናሉ፤ ምናልባት ገና ትምህርት ቤት ያልገባ ሕፃን ይሆናል። እናንተ በሌላችሁበት ሰዓት ሰው ቢታመም፣ ያ ገጽ ከኪስ ስልኩ ይልቅ ሊያገለግል ይችላል። የስልኩ ባትሪ ያልቃል፤ ወረቀቱ ግን ብርሃን እስካለ ይነበባል።

ነገ ስንገናኝ ገጻችሁን ይዛችሁ ኑ። 033ን ሳያዩ በቃላቸው ያነበቡልንን እናት፣ 251ን ከነ 2ቷ ያስረዱንን አባት ፊት አቁመን እንዲያስተምሩን እናደርጋለን።